ከአንድ ጀበና አሥር ሲኒ

አራት ወር ሙሉ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማይተልቁ እንስሳት ስቆጥር ከረምኩ። ከአራቱ ወር ሁለቱን ውሃ በላቸው። ለምርምሩ የሚረባ አንድ ቁጥር እንኳ አልወጣባቸውም። ሙቀት በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ትንንሽ እንስሳት ብዛት ላይ ምን እንደሚያመጣ ለማጥናት ፕሮፖዛል ጽፋችሁ፣ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ የገባችሁ ካላችሁ የኔን ስህተት በነፃ ውሰዱ። ስታትስቲክሱን ከመጽሐፍ ታገኙታላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ስለ ሳፋ፣ ስለ ጠርሙስና ስለ መብራት ነው።

የመረጥኳት እንስሳ ዳፍኒያ ናት። ፈረንጆች የውሃ ቁንጫ ይሏታል። እንዲህ ያሏት እየዘለለች ስለምትዋኝ ነው እንጂ ለቁንጫ ሳይሆን ለሽሪምፕ ነው የምትቀርበው። ገላዋ እንደ መስታወት ያሳልፋል። በማጉያ መነጽር ስታዩዋት ልቧ ሲመታ ይታያል። የበላችው አረንጓዴ ነገር በአንጀቷ ሲወርድ፣ ጀርባዋ ላይ ያዘለቻቸው ልጆች ሲንቀሳቀሱ ይታያል። ምግብና ቦታ እስካልጠበባት ድረስ ወንድ አትፈልግም። ብቻዋን ሴት ልጆች ትወልዳለች፤ ልጆቹም የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። ሳምንት አለፍ ሲል እነሱም ይወልዳሉ። በላምና በበግ ዓመታት የሚፈጀው የመብዛትና የመመናመን ታሪክ እዚህ በአንድ ወር ይታያል። ለተማሪ ኪስና ለተማሪ ጊዜ ከዚህ የተሻለ እንስሳ አላውቅም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት እዚሁ ጅማ ያለው ቦዬ ረግረግ ሄጄ ልቀዳ ነበር። አንድ የሰፈራችን ልጅ "እዚያ ጉማሬ እንዳለ ታውቂያለሽ አይደል?" አለኝ። አውቅ ነበር፣ በጉጉት ብዛት ረስቼው እንጂ። ስለዚህ ለጡብ የሚሆን ጭቃ ወጥቶበት ውሃ ወደሞላ ጉድጓድ ዞርኩ። ያረጀ ስቶኪንግ በሽቦ ቀለበት ላይ ሰፍቼ፣ ቀለበቱን በረጅም እንጨት ላይ አስሬ ጎተትኩት። ባልዲው ውስጥ ሳራግፈው ውሃው በሚዘልሉ ነጥቦች ተሞላ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

የመጀመሪያው ስህተት እዚያው ተሠራ። ባልዲውን እንዳለ ወደ ጠርሙሶቹ ገለበጥኩት። በአራተኛው ቀን ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ቀጫጭን ክሮች ተንጠልጥለው አየሁ። ሃይድራ የሚባሉ ትንንሽ አዳኝ የውሃ እንስሳት ነበሩ። ዳፍኒያዎቼን አንድ በአንድ እየያዙ ይበላሉ። እኔ ሙቀት አጠናለሁ ብዬ ለሃይድራ ድግስ ደግሼ ነበር። እናንተ አንዲት ልጅ ያዘለች እናት ለይታችሁ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብቻዋን አስቀምጧት። ከሷ ከሚወለዱት ብቻ ተነሡ። ሁሉም የአንድ እናት ዘር ከሆኑ፣ በጠርሙሶቹ መካከል የምታዩት ልዩነት የዘር አይሆንም። ጊዜና ቦታ ካላችሁ ሦስት እናቶች ውሰዱና ሦስት የዘር ሐረግ አርቡ። አለበለዚያ ያገኛችሁት ነገር የአንዲት ዳፍኒያ ቤተሰብ ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ ውሃው መጣ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን እንዳለበት አውቃለሁ፤ ቢያንስ አንድ ቀን አፉ ክፍት ሆኖ ማደር እንዳለበትም አንብቤያለሁ። እኔ ግን ብልጥ ነኝ ብዬ የዝናብ ውሃ መረጥኩ። ጅማ ላይ ዝናብ አይጠፋም። የግቢያችን በርሜል ከጣራ በሚወርድ ውሃ ጢም ብሎ ነበር። ንጹሕ፣ ጥርት ያለ። በሁለት ቀን ውስጥ ጠርሙሶቹ በሙሉ ጸጥ አሉ። የቆርቆሮ ጣራ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዝናቡ ዚንኩን እያጠበ ይወርዳል። ዚንክ ደግሞ በትንሽ መጠን እንኳ ዳፍኒያን ይገድላል። በዚያ ላይ የዝናብ ውሃ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ዳፍኒያ ደግሞ ቅርፊቷን በየጊዜው እየጣለች አዲስ የምትሠራው በካልሲየም ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደጨረሳቸው እስከዛሬ አልለየሁም። በመጨረሻ የሠራልኝ ቀላሉ መንገድ ነው። የራሳቸውን ኩሬ ውሃ በአራት የታጠፈ ነጠላ አጣርቼ፣ ከባልዲ ወደ ባልዲ እየገለበጥኩ አየር አስገባሁበትና አሳደርኩት። ለሙከራው በሙሉ የሚበቃውን በአንድ ቀን ቅዱ። ዛሬ ከአንዱ ጉድጓድ፣ ነገ ከሌላው እያላችሁ አትቀላቅሉ።

የቴርሞሜትሩን ነገር ስናገር አሁንም ያሳፍረኛል። ሦስት ቴርሞሜትር ገዛሁ፤ ሦስቱም የተለያየ ቁጥር አሳዩኝ። የቱ እንደሚዋሽ ለማወቅ ውሃ አፈላሁ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ይህን ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ። አንዱ 100 አለ፣ አንዱ 98፣ አንዱ 94። የ94ቱን ወረወርኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የገባኝ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። የጣልኩት ትክክለኛውን ነበር። የናንተን ቴርሞሜትር በበረዶ ፈትኑ። በረዶውን ሰባብራችሁ፣ ጥቂት ውሃ ጨምራችሁ፣ እያማሰላችሁ ጠብቁ። በየትኛውም ከተማ 0 ማለት አለበት። ካላለ ልዩነቱን ጻፉና ከንባባችሁ ላይ ቀንሱ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኅዳር አጋማሽ ላይ የመጀመሪያውን ሙከራ አቋቋምኩ። ላብራቶሪ ውስጥ ቦታ ስላልነበረ የተከራየሁበት ክፍል ውስጥ ነው። አከራዬ በሩ ላይ ቆመው አዩኝና "አንቺ ልጅ፣ ትንኝ ነው የምታረቢው? ወባ ልታመጪብን ነው?" አሉ። "አይ እትዬ፣ እነዚህ አይበሩም፣ አይናደፉም" አልኳቸው። "የመብራቱንስ ማን ሊከፍል?" አሉ። እኔ አልኩ። በዚያ ተስማማን።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሦስት ትልልቅ የልብስ ሳፋ በውሃ ሞላሁ። በእያንዳንዱ ሳፋ ውስጥ አሥር የማርማላታ ጠርሙስ አቆምኩ። አንዱን ሳፋ 18፣ አንዱን 24፣ አንዱን 30 ዲግሪ አደርጋለሁ አልኩ። ማሞቂያዎቹ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጡት ዓይነት ናቸው፤ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣኋቸው።

የ18ቱ ሳፋ በሦስተኛው ቀን አዋረደኝ። ጠዋት 17 ነበር፤ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ 24። ማሞቂያ ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር። ጅማ ሌሊት ቀዝቀዝ ትላለች፤ ቀን ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ በቆርቆሮው ሥር ያለው ክፍል ይጋገራል። ስለዚህ ክፍሉን ሳትለኩ የሙቀት ቁጥር ወረቀት ላይ አትጻፉ። ለአንድ ሳምንት በየሦስት ሰዓቱ ለኩ። ዝቅተኛው የሙከራ ሙቀታችሁ ክፍሉ በጣም ከሞቀበት ሰዓት ከፍ ማለት አለበት። እኔ በኋላ ወደ እትዬ ጓዳ ተዛወርኩ። ግድግዳው ወፍራም ጭቃ ነው፣ ኮርኒስ አለው። ቀኑን ሙሉ ከ21 ዲግሪ አያልፍም። ያኔ ነው 22፣ 25 እና 28 የሚሉት ቁጥሮች የተወለዱት። ላይኛውንም ከ30 ያወረድኩት አብዛኞቹ የዳፍኒያ ዝርያዎች ከዚያ በላይ ስለማይችሉ ነው። ሁሉም ከሞቱ ስለ ብዛት ምንም አትማሩም።

ምግቡም ሌላ ወጥመድ ነው። የዳቦ እርሾ ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ እሰጣቸው ነበር፤ አዘንኩላቸውና አበዛሁት። በ30 ዲግሪው ሳፋ ውሃው እንደ አጓት ነጣ፣ ሸተተ፣ ሁሉም ውሃው ፊት ላይ ተሰብስበው አለቁ። ማስታወሻዬ ላይ "ሙቀት ገደላቸው" ብዬ በደማቁ ጻፍኩ። ሐሰት ነው። የገደላቸው የኔ ርኅራኄ ነው። ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። በባሕር ወለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ ወደ 7.6 ይወርዳል። በጅማ ከፍታ ደግሞ ከሁለቱም ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀነሳል። በላዩ ላይ የበሰበሰ እርሾ ሲጨመርበት ትንፋሽ አይቀርም። ሙቀትን ብቻ እየለወጣችሁ መስሏችሁ ኦክስጅንንም ትለውጣላችሁ ማለት ነው። ለዚህ ያገኘሁት መድኃኒት እርሾውን ትቼ አረንጓዴ የኩሬ አልጌ ማርባት ነበር። ለእያንዳንዱ ጠርሙስ በመርፌ እየለካሁ በየቀኑ እኩል ሰጠሁ። ጠዋት የሰጣችሁት አረንጓዴ ማታ ካልጠራ በዝቷል። ጠርሙሶቹን ደግሞ ከመስኮት አርቋቸው። ብርሃን ካገኘ በሞቃቱ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አልጌ ቶሎ ስለሚበዛ፣ ሳታውቁት ለሞቃቶቹ ተጨማሪ ምሳ ትሰጣላችሁ። ውሃው ይበልጥ የሚተንነውም በሞቃቱ በኩል ነው። መጀመሪያ የነበረበትን መስመር በማርከር አስምሩና የጎደለውን በተጣራ የባትሪ ውሃ ሙሉ። በኩሬ ውሃ ከሞላችሁት ጨዉ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ግን ጥሩ የሚመስል ሠንጠረዥ ነበረኝ። የተበላሹትን ጠርሙሶች ተክቼ፣ ለእያንዳንዱ ሙቀት አሥር አሥር ጠርሙስ ቆጥሬ፣ ኤክሴል ላይ በቀለም አሳምሬ ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ዘመን ለሠሩ አንድ ሰው ወሰድኩላቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቡና እየተፈላ ነበር።

"ስንት ድግግሞሽ አለሽ?" አሉኝ።

"ለእያንዳንዱ ሙቀት አሥር፣ ጋሼ።"

"ስንት ሳፋ?"

"ሦስት።"

ወረቀቱን አስቀመጡት። ልጅቷ ቡናውን እየቀዳች ነበር። "ከዚህች ጀበና አሥር ሲኒ ቢቀዳ ስንት ጊዜ ቡና ተፈላ ትያለሽ?"

"አንዴ።"

"ቡናው ካረረ አሥሩም ሲኒ ያረረ ነው። ታዲያ አሥር ምስክር አለኝ ልትይ ነው?"

ፊቴ ጋለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ነገሩ ገባኝ። እኔ ያሞቅኩት ጠርሙስ አይደለም፣ ሳፋ ነው። አንዱ ሳፋ በር አጠገብ ስለሆነ ነፋስ ቢመታው፣ ማሞቂያው ቢበላሽ፣ ድመት አፏን ብታስገባበት፣ አሥሩም ጠርሙስ አብረው ይነካሉ። በሦስቱ ሳፋ መካከል ያየሁት ልዩነት ከሙቀቱ ይሁን ከሳፋው መለየት አይቻልም። የነበረኝ ለእያንዳንዱ ሙቀት አሥር ሳይሆን አንድ ነው። ይህ ስህተት ስም አለው፤ ሐሰተኛ ድግግሞሽ እንበለው። አሜሪካዊው የሥነ ምኅዳር ሊቅ ስቱዋርት ኸርልበርት በ1984 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ስም ሰጥቶ ብዙ የታተሙ ምርምሮች ላይ እንዳለ አሳይቷል። ስለዚህ ብቻዬን አይደለሁም። በዚያ ማታ ግን አልተጽናናሁም። ሠንጠረዡን ሳልከፍተው ተኛሁ።

ጥር ሙሉ እንስሳ አልነካሁም። በእርሳስ ብቻ ሠራሁ። የምመክራችሁም ይህንኑ ነው። ሙከራውን በወረቀት ላይ ሥሉትና ለአንድ ሰው "እስቲ አፍርስልኝ" ብላችሁ ስጡት። ሦስቱን ትልልቅ ሳፋ ሸጬ ዘጠኝ ትንንሽ ገዛሁ። ለእያንዳንዱ የራሱ ማሞቂያ ተገዛለት። ኪሴን ጎድቶታል፤ ሁለቱን የተበደርኩት ነው። ለእያንዳንዱ ሙቀት ሦስት ሳፋ፣ በየሳፋው ሦስት ጠርሙስ። የሦስቱ ጠርሙስ አማካይ አንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይመዘገባል። የትኛው ሳፋ የት እንደሚቀመጥ በዕጣ ወሰንኩ። ወረቀት ቆራርጬ በቆብ ውስጥ አደረግሁና እትዬ አወጡልኝ። "ይኼ ዕቁብ ነው ወይስ ትምህርት?" እያሉ።

ከዚያ ለአንድ ሳምንት እንስሳ የሌለበትን ውሃ ብቻ አሞቅኩ። ከሁሉም ውሳኔዬ የሚያኮራኝ ይህ ነው። በዚያ ሳምንት አንዱ ማሞቂያ ራሱ ላይ ከተጻፈው በ2 ዲግሪ ከፍ እንደሚል አወቅሁ። መብራትም ማታ 1 ሰዓት ሄዶ ሊነጋ ሲል መጣ። የ28ቱ ሳፋዎች ወደ 24 ወረዱ፤ የ22ቱ ግን ብዙም አልተለወጡም። ማለትም መብራት ሲጠፋ ሙከራው ራሱ ይጠፋል፤ ሁሉም ወደ ክፍሉ ሙቀት ይሰበሰባል። ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበትን ነጭ ፎም ከሱቆች ለምኜ ሳፋዎቹን ዙሪያቸውን ለበጥኳቸው፣ ክዳንም ሠራሁ። መብራት ሲሄድ ብርድ ልብስ ይለብሳሉ። ከዚያ በኋላ በአንድ ሌሊት የሚወርዱት ከ1 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም ነበር። የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ሁሉ መዝግቡ። ከፍተኛና ዝቅተኛውን ራሱ የሚይዝ ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ሌሊት ከመነሣት ያድናችኋል።

እንስሳቱንም በድንገት ከ20 ወደ 28 አትወርውሯቸው። በየሙቀቱ ሁለት ትውልድ አሳልፌ፣ ከሦስተኛው ትውልድ የተወለዱ ከ24 ሰዓት በታች የሆኑ ልጆች ብቻ ወሰድኩ። በእያንዳንዱ ጠርሙስ አምስት። እድሜያቸው የተለያየ ከሆነ የሚበዙበትን ፍጥነት ሙቀቱ ሳይሆን የመነሻ እድሜያቸው ይወስነዋል።

የካቲት ላይ ቆጠራ ተጀመረ። ቆጠራ ሥራ ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ ለእኔ ግን ትልቁ ሥራ እሱ ነበር። መሣሪያዬ ነጭ የቡና ሲኒ፣ የእጅ ባትሪና አፉ ሰፋ ያለ መምጠጫ ነበሩ። የመድኃኒት ጠብታ መምጠጫን ጫፍ ቆርጬ አሰፋሁት፤ ጠባቡ ይጨፈልቃቸዋል። ጠርሙሱን በባትሪ በአንድ ወገን ሳበራበት ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ። አምስት ስድስት እየመጠጥኩ ሲኒው ውስጥ አደርጋለሁ፣ ቆጥሬ እመልሳለሁ። በመጀመሪያው ማታ ከላይ ጠብ አደረግኋቸው። ጠዋት ስነሣ ብዙዎቹ ውሃው ፊት ላይ በጎናቸው ተንሳፈው ነበር። በአጉሊ መነጽር ሳይ በቅርፊታቸው ሥር የአየር አረፋ ገብቷል። እንደ ጀልባ ተንሳፈው መጥለቅ አቅቷቸዋል። ስለዚህ የመምጠጫውን ጫፍ ውሃው ውስጥ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። በዚህ አንድ ስህተት አራት ጠርሙስ ከሥሩ ጀመርኩ።

ሌላው ነገር ዓይናችሁን አትመኑት። "28ቱ ይበዛል" ብላችሁ ካሰባችሁ እጃችሁ ወደዚያ ያዘነብላል፤ የምትጠራጠሩትን ጥላ እንስሳ ብላችሁ ትቆጥሩታላችሁ። የክፍል ጓደኛዬ ጠርሙሶቹን በየማታው ከየሳፋው እያወጣች፣ ሙቀቱን ሳትነግረኝ በተቀላቀለ ቅደም ተከተል ታቀብለኝ ነበር። እኔ የማውቀው የጠርሙሱን ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ከመቶዎች ሲያልፍ ደግሞ ሁሉንም መቁጠር አይቻልም። በቀስታ አማስዬ ከሦስት ቦታ እኩል ውሃ ቀድቼ ቆጠርኩና ቁጥሩን በጠርሙሱ ጠቅላላ ውሃ ልክ አባዛሁት።

በ11ኛው ቀን ማቆም ፈልጌ ነበር። ደክሞኝ ነበር፤ ውጤቱም ቁልጭ ያለ መሰለኝ። የ28ቱ ቀድመው ወልደው ከ22ቱ እጥፍ በልጠው ነበር። "ሙቀት ያበዛል" ብዬ ልጽፍ ብዕር አንሥቻለሁ። ጋሼ ግን "ፕሮፖዛልሽ ስንት ቀን ይላል?" አሉ። 35 ይላል። ቀጠልኩ። በሦስተኛው ሳምንት የ28ቱ ጣራቸውን ነክተው መውረድ ጀመሩ። የ22ቱ ቀስ እያሉ ወጡ፤ በ30ኛው ቀን በልጠዋቸው ነበር። በሞቃት ውሃ እንስሳቱ ቶሎ ያድጋሉ፣ ቶሎ ይወልዳሉ፣ ግን እያንዳንዳቸው ብዙ ይበላሉ፣ እድሜያቸውም ያጥራል። ዳፍኒያ ማግና የሚባለው ትልቁ ዝርያ በ20 ዲግሪ ወደ 56 ቀን ሲኖር በ25 ወደ 40 ይወርዳል። የምትሰጡት ምግብ እኩል ከሆነ፣ ሞቃቱ ቤት የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ያነሰ ነው። ስለዚህ ገና ስትጀምሩ ወስኑ። የምትለኩት የመብዛት ፍጥነትን ነው ወይስ መጨረሻ ላይ ስንት እንደሚኖሩ? ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። እኔ በ11ኛው ቀን ብቆም ኖሮ ግማሹን ይዤ እሮጥ ነበር።

ያልተሳካም አለ። በ26ኛው ቀን የአንዱ 28 ሳፋ ቴርሞስታት፣ ማለትም ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ፣ ተጣብቆ ውሃውን 34 አደረሰው። ሦስቱም ጠርሙስ አንድ ሌሊት ላይ አለቁ። በጽሑፌ ላይ እንዳለ ጻፍኩት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ለ28 የቀረኝ ሁለት ሳፋ ብቻ ነው። ፈታኞቼ ጠየቁኝ፣ መለስኩ፣ አለፈ። ገንዘቡ ካላችሁ ግን ለእያንዳንዱ ሙቀት አራት ሳፋ አድርጉ። አንዱ ይሞታል ብላችሁ ተነሡ።

መጨረሻ አካባቢ በተጨናነቁት ጠርሙሶች ውስጥ ወንዶች ታዩ። ከዚያም በእናቶቹ ጀርባ ላይ ኮርቻ የመሰለ ጥቁር ነገር ወጣ። የክፉ ቀን እንቁላል ነው። ቅርፊታቸውን ሲጥሉ አብሮ ይወድቃል፣ ቢደርቅም ለዓመታት ይቆያል። ከጠርሙሶቹ ወለል ለቅሜ በወረቀት ላይ አደረቅኩና በፖስታ ውስጥ አስቀመጥኩት። ባለፈው ሰሞን አንዲት ተማሪ ይህንኑ ልትሠራ አስባ ቤቴ መጣች። ፖስታውን ሰጠኋት። ማሞቂያ የሚሸጥበትን ቦታ ጠየቀችኝ።

"እሱ ይደርሳል" አልኳት። "መጀመሪያ ቴርሞሜትርሽን ይዘሽ በረዶ ያለበት ቤት ሂጂ።"